ጠፋሁ ያላለው ጂፒኤስ፦ የአይዳሆው ጉዳይ ከቦሌ አራብሳ ሲታይ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በስልክ ታክሲ ጠራሁ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ሹፌሩ ደወለና «ደርሻለሁ፣ ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። መኪና የለም። ጉም ወርዶ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ እንኳ በግድ ነው የሚታየው።

«ወንድሜ፣ የት ጋ ነህ?»

«እኔማ አንተ ያለህበት ነኝ። ካርታው እግርህ ሥር ነህ ነው የሚለኝ።»

ሁለት ብሎክ አልፎ በጀርባ በኩል ቆሞ ነበር። ዳቦ ቤቱን፣ ጥቁሩን የውሃ ታንከር፣ የጥበቃውን ቤት እየጠራሁለት መጣ። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቴ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ጡረታ የወጡ የበረራ ተቆጣጣሪ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

«ይሄ ልጅ ዕድለኛ ነው» አሉኝ። «መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰው መጠየቅ ይችላል። ደመና ውስጥ ያለውስ ማንን ይጠይቅ?»

ከሰዓት ቡና ጠሩኝ። የአይዳሆውን ነገር፣ አሜሪካ ውስጥ ጂፒኤሱ ታውኮበት ተራራ ሊገጭ የነበረውን አውሮፕላን ጉዳይ፣ ያወራነው ያን ዕለት ነው። ጉዳዩን ቀደም ብዬ አንብቤው ነበር። በደንብ የገባኝ ግን እሳቸው ረከቦት ላይ ሲሠሩት ነው።

አይዳሆ፣ ኦገስት 2018

አሜሪካ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ሄይሊ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሰን ቫሊ ወደሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ የሚሄድ ሰው ከአውሮፕላን የሚወርደው እዚያ ነው። አየር ማረፊያው ፍሪድማን ሜሞሪያል ይባላል። ከፍታው 1,620 ሜትር ገደማ ነው። ማኮብኮቢያው አንድ ብቻ ነው። ሸለቆ ውስጥ ተወሽቋል፣ ዙሪያው ተራራ ነው። ሸለቆው ወደ ሰሜን እየጠበበ ስለሚሄድ አብዛኛው አውሮፕላን ከደቡብ ገብቶ ያርፋል፤ ሲነሣም ወደ ደቡብ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የበጋ ወራት ምዕራብ አሜሪካ በሰደድ እሳት ይነድ ነበር። በኦገስት ወር አንድ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን ወደዚያ አየር ማረፊያ ሲመጣ አካባቢውን ጭስ ሸፍኖታል። ፓይለቶቹ ተራራውን በዓይናቸው አያዩትም። የሚሄዱት መሣሪያቸውን አምነው ነው። በኋላ የቀረበው ሪፖርት እንደሚለው፣ በዚያው ሰዓት የጦር ኃይሉ ሙከራ የጂፒኤስ ሞገዱን እያወከ ነበር።

አውሮፕላኑ ከመስመሩ ወጣ። ፓይለቶቹ መሣሪያው በትክክል እየመራቸው መስሏቸዋል።

ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ አንድ የራዳር ተቆጣጣሪ ስክሪኑን እያየ ነው። ነጥቧ መሆን ካለባት ቦታ ፈቀቅ ብላለች። ፊቷ ያለው ተራራ ነው። በሬዲዮ ተናገራቸው፣ ከዚያ አወጣቸው። የሆነው ይኸው ነው። ደቂቃዎች ናቸው።

ተቆጣጣሪው ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ለናሳ ጻፈ። ናሳ ሲባል ብዙዎቻችን ጨረቃ ብቻ ነው የሚታየን። ግን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የበረራ ደህንነት ሪፖርት የሚቀበልበት አሠራር አለው። ፓይለቱ፣ ተቆጣጣሪው፣ መካኒኩ፣ አስተናጋጇ የገጠማቸውን ይጽፋሉ። የጸሐፊው ስም ይፋቃል፣ የአየር መንገዱም ስም ይፋቃል። ሰው ነገ ከሥራዬ እባረራለሁ ብሎ ሳይፈራ እውነቱን ይናገራል። አውሮፕላኑ የማን እንደነበረ እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ሰነዱም ውስጥ የለም። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ማንም ባልሞተበት ነገር ላይ ማን ሪፖርት ይጽፋል? የአይዳሆው ጉዳይ ወሬ ሆኖ ሳይቀር እኛ ጋ የደረሰው ያ ሰው ስለጻፈ ብቻ ነው።

ጽሑፉ ውስጥ አንድ ነገር በግልጽ ተናግሯል። አስተውለን ባንነግራቸው ኖሮ ሠራተኞቹም መንገደኞቹም ይሞቱ ነበር፣ ጥርጥር የለኝም ይላል።

ረከቦቱ ላይ

ጋሼ የዕጣን ማጨሻውን አስጠጉት። ጀበናዋን በአንድ ወገን፣ የስኳር ዕቃውን በሌላ ወገን አደረጉ። መሃል ላይ ጠባብ ክፍት ቦታ ቀረ። «ይሄ ሸለቆው ነው» አሉ። ማንኪያ አንስተው ክፍተቱ ውስጥ አጋደሙ። ማኮብኮቢያው መሆኑ ነው። ከዚያ ባዶ ሲኒ በሁለት ጣት አስያዙኝ።

«ዓይንህን ጨፍን። እኔ እነግርሃለሁ። ቀጥ በል። ጥሩ ነው። ዝቅ በል። ጥሩ ነው።»

ጨፍኜ ሲኒውን አንሸራትታለሁ። የዕጣኑ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል። «ጥሩ ነው፣ ዝቅ በል» ይላሉ ደጋግመው፣ በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ። ቀጠን ያለ የሸክላ ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሲኒው ጀበናዋ ሆድ ላይ ተደግፏል። እትዬ ከጓዳ «ኧረ ሲኒዬን!» አሉ።

«አየህ?» አሉ ጋሼ። «ድምፄ አልተለወጠም። አንተም አልጠረጠርክም። ዝም ብልህ ኖሮ ትቆም ነበር።»

እኔ ከዚህ ጉዳይ የያዝኩት ነገር ይሄ ነው። መሣሪያ ሲጠፋ አደጋው ይታወቃል። ፓይለቱ ከፍታውን ይጨምራል፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ እርዱኝ ይላል። የሚገድለው ሳይጠፋ የሚሳሳተው ነው። በዘመናዊ አውሮፕላን ውስጥ ቦታን የሚያሰላው ኮምፒውተር ጂፒኤስ ሲታወክበት ሥራውን አያቆምም። ከሌሎች መሣሪያዎች በሚያገኘው መረጃ ግምቱን ይቀጥላል። ግምቱ ትንሽ በትንሽ ሊንሸራተት ይችላል። ሰፊ ሜዳ ላይ ቢሆን ሁለት ኪሎ ሜትር መሳት ብዙም አያሳስብም። ሸለቆ ውስጥ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ድንጋይ ነው።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ቴክሳስ ውስጥ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ የንግድ አውሮፕላን ወደ ኤል ፓሶ ሲቃረብ ኮክፒቱ ውስጥ የጂፒኤስ ቦታ ጠፍቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ፓይለቱ አየር መንገዱን ጠየቀ። በኒው ሜክሲኮ ያለው የዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ጂፒኤሱን እያወከው ነው ተባለ። ስለዚህ ለማረፍ በጂፒኤስ የሚመራውን አቀራረብ መጠቀም እንደማይችሉ ወዲያው ገባቸው። ጭንቅ ነበር፤ ግን ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃሉ። የአይዳሆዎቹ ይህን ዕድል አላገኙም።

ለምን ያውኩታል? እንዴትስ?

የጂፒኤስ ሳተላይት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው የሚዞረው። የሚልከው ሞገድ እኛ ጋ ሲደርስ ከመድከሙ የተነሣ በዙሪያው ካለው ተራ የኤሌክትሪክ ጫጫታ በታች ነው። ተቀባዩ ሞገዱ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብቻ ለይቶ ያወጣዋል። ቦታህን ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይት ድምፅ መስማት አለበት። ታዲያ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ አንድ ሰው ከምድር ቢጮህበት ያ ሹክሹክታ ይዋጣል። ድሮ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዜና ሲከታተል የነበረ ሰው ያን የሚያጓራ ድምፅ ያውቀዋል። ጃም ማድረግ ማለት እሱ ነው።

ጦር ይህን የሚለማመድበት ምክንያት አለው፤ እኔም አልክድም። ጠላት ጂፒኤስን ቢያፍን ወታደሩ ያለ እሱ መዋጋት አለበት። ያለ ልምምድ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ይህ የሚደረገው እንደ ዋይት ሳንድስና ካሊፎርኒያ እንዳለው ቻይና ሌክ ባሉ በረሃማ ቦታዎች ነው። ችግሩ በረሃው የመሬት ወሰን ነው እንጂ የሰማይ አይደለም። ሞገድ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አድማስህ ይሰፋል፣ ጃመሩም ያይሃል።

እ.ኤ.አ. በጁን 2016 ለቻይና ሌክ የወጣውን ማስጠንቀቂያ ልንገራችሁ። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ የበረራ ሰዎች ኖታም ይሉታል። በ40,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሙከራው እስከ 476 ኖቲካል ማይል ድረስ ሊሰማ እንደሚችል ይናገራል። ወደ 880 ኪሎ ሜትር ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን ከሲኒው አንስተው በአየር ላይ ክብ ሠሩ። መሃሉን አዲስ አበባ ብናደርገው መቀሌ ይገባል። ድሬዳዋ ይገባል። ጅቡቲ ይገባል። አስመራም ይገባል። ከአንድ መሞከሪያ ቦታ ተነሥቶ።

ያው ኖታም ሌላም ነገር ነበረው። ኤምብራየር ፌኖም 300 የሚባለውን ትንሽ ጄት የሚያበሩ ሰዎች አካባቢውን እንዲሸሹ ለይቶ ያሳስባል፤ ጂፒኤሱ ሲታወክ የአውሮፕላኑ መረጋጋት ሊነካ ይችላል ተብሎ። ይህ መጀመሪያ ሳነበው አልገባኝም ነበር። ጂፒኤስ ካርታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አውሮፕላን ውስጥ ብዙ ነገር ተንጠልጥሎበታል። መሬት ቀረበህ ብሎ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ቦታውን ከእሱ ይወስዳል። አውሮፕላኑ ለተቆጣጣሪዎች እዚህ ነኝ እያለ የሚያሰራጨው መልእክትም እንዲሁ። አንዱን ክር ስትስብ ብዙ ነገር አብሮ ይመጣል።

«ኖታሙማ ወጥቷል፣ ፓይለቱ ማንበብ ነበረበት» አሉ ጋሼ። እዚህ ላይ አልተስማማንም። እሳቸው የድሮ ሰው ናቸው፤ የተጻፈ ነገር ይነበባል፣ አለቀ። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ማስታወቂያው የሚሸፍነው ሰፊ ቦታና ረጅም ሰዓት ነው። ጃመሩ በዚያ ሰዓት ውስጥ መቼ እንደሚበራ አይናገርም። ፓይለቱ ዛሬ ያነባል፣ ምንም አይሆንም። ነገ ያነባል፣ ምንም አይሆንም። ጂፒኤስ ሊታወክ ይችላል የሚለው ዐረፍተ ነገር ዓይኑ ሥር ያረጃል። በሃያኛው ቀን ነገሩ ሲመጣ የሚጠብቀው የለም። ይህን ስንፍና ብዬ አልፈርድበትም። ሰው ነው። ሁሌ ዝናብ ይዘንባል የሚባል አገር ውስጥ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ ስንቱ ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ የአሜሪካ የግል አብራሪዎች ማኅበር አባላቱን ሲጠይቅ ከመለሱት ከ1,200 በላይ ሰዎች መካከል 64 በመቶ የሚሆኑት ነገሩ እንደሚያሳስባቸው ተናግረዋል። እነዚህ ሁሉ ኖታም ማንበብ የማያውቁ አይደሉም።

አንድ መልካም ነገር አለ። አንድ አውሮፕላን አደጋ ላይ ከወደቀ ሙከራውን ማስቆም ይቻላል። የሬዲዮ ቃሉ «ስቶፕ በዘር» ነው። ተቆጣጣሪው ለጦሩ ይህን ሲያስተላልፍ ጃመሩን ያጠፋሉ። ግን ለዚህም ቢሆን መጀመሪያ ችግር መኖሩን ማወቅ አለብህ። የአይዳሆዎቹ ፓይለቶች ስቶፕ በዘር የሚሉበት ምክንያት አልታያቸውም።

እኛ ጋም ደርሶ ነበር

እዚህ ስንደርስ ጋሼ ዝም አሉ። ቀጥለው ያወሩት ስለ አዲስ አበባ ነው።

ከተማችን የተቀመጠችበትን ቦታ በአውሮፕላን ዓይን እዩት። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በሰሜን እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምዕራብ ወጨጫ ከ3,300 ያልፋል። እኛ በረንዳ ላይ ሆነን ጉም በሌለበት ቀን የምናየው የረር 3,100 አካባቢ ነው። የሄይሊ ሰዎች ጭስ አለባቸው፤ እኛ የሐምሌና የነሐሴ ጉም አለብን።

ማርች 31 ቀን 2003 አንድ የእንግሊዝ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ320 ከአሌክሳንድርያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሊያርፍ መጣ። ያኔ ጦር የለም፣ ጃመር የለም። መንገዱን የሚያሳየው መሬት ላይ ያለ የሬዲዮ ጣቢያ ነበር፤ ቪኦአር ይሉታል። የጣቢያው አንቴና ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር። ጣቢያው ግን አልጠፋም። መላኩን ቀጠለ፤ የሚልከው አቅጣጫ ነው የተሳሳተው። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ሸንተረሮች አንዱን 20 ሜትር በማይሞላ ልዩነት አለፈው። የስድስት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ቁመት እንኳ አይሞላም።

መሬት ቀረበህ የሚለው ማስጠንቀቂያስ የት ሄዶ ነበር? ነበረ። ግን ቦታውን የሚወስደው ከአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ነበር፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከዚያው ከተሳሳተው ጣቢያ። ሁለት ምስክር ያላቸው መስሏቸዋል። አንድ ምስክር ነው፣ ሁለት ጊዜ የተናገረ። የእንግሊዝ መርማሪዎች በኋላ ካነሡት ነገር አንዱ ማስጠንቀቂያው ቦታውን በቀጥታ ከጂፒኤስ እንዲያገኝ ነው።

ይህን ሳስብ ይገርመኛል። አዲስ አበባ ላይ የተሳሳተው የመሬቱ ጣቢያ ነው፣ መድኃኒት ተብሎ የታሰበው ጂፒኤስ። አይዳሆ ላይ የታወከው ጂፒኤስ ነው፣ ያዳናቸው የመሬቱ ራዳር። ቁም ነገሩ የመሣሪያው ስም አይደለም። አንዱ ሲሳሳት ሌላው አብሮት የማይሳሳት መሆኑ ነው። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የምንለው እዚህም ይሠራል፤ ሁለቱ ግን ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱ መሆን የለባቸውም።

አሜሪካኖቹ ይህን ከረሱት በኋላ ሊያስታውሱት እየሞከሩ ነው። ጂፒኤስ ሁሉን ይሠራል ተብሎ አሮጌዎቹን የቪኦአር ጣቢያዎች መቀነስ ሲጀመር፣ የተወሰኑት እንዲቀሩ ተወሰነ። ዕቅዱ በዋናው የአገሪቱ ክፍል ጂፒኤስ የጠፋበት አውሮፕላን ከ100 ኖቲካል ማይል ባልበለጠ ርቀት ውስጥ ያለ ጂፒኤስ የሚያርፍበት ቦታ እንዲያገኝ ነው።

ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ የተባለችው ከተማ ደግሞ ዋጋውን ከፍላለች። አውሮፕላን የሚቀርብበት መንገድ ጂፒኤስ ላይ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 መጨረሻ፣ በሩሲያ ወሰን በኩል ጂፒኤስ እየታወከ፣ ከሄልሲንኪ የተነሡ ሁለት የፊንኤር አውሮፕላኖች ማረፍ አቅቷቸው በተከታታይ ቀናት ተመለሱ። አየር መንገዱ በረራውን ለአንድ ወር አቆመ። እንደገና የተጀመረው ጂፒኤስ የማይፈልግ አቀራረብ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። የአንድ ከተማ በረራ በአንድ ሞገድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የእኛ ፓይለቶችም ከዚህ ሩቅ አይደሉም። ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ቴል አቪቭ የሚበር ሰው የሚያልፍበት ሰማይ ባለፉት ዓመታት ጂፒኤስ በብዛት ከሚታወክባቸው አንዱ ነው። እናቴ በየዓመቱ እህቴን ልታይ በዚያ በኩል ትሄዳለች። ስለዚህ ለኔ ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

በአይዳሆው ጉዳይ የሚያስቆጣኝን ልናገር። የመጨረሻው አጥር አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ያን ደቂቃ ሌላ አውሮፕላን እያነጋገረ ቢሆንስ? ቡና ሊቀዳ ተነሥቶ ቢሆንስ? ጦሩ ይለማመድ። ነገር ግን ሲቪል ሰው በጭስ ውስጥ ሸለቆ ገብቶ በሚያርፍበት ሰዓት አይደለም። ሰዓቱን ማጥበብ ይቻላል። ሌሊት ማድረግ ይቻላል። ጃመሩ ሲበራ፣ ሲበራ ብቻ፣ ለተቆጣጣሪው መንገር ይቻላል። ይህ የሚሳይል ምስጢር አይደለም።

ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼን ጠየቅኳቸው። «እርስዎ በዚያ ሰው ቦታ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ። በእንግሊዝኛ ነበር የተናገሩት፣ የድሮው የሥራ ድምፃቸው ነው መሰለኝ። «ክላይምብ ኢሚዲየትሊ» አሉ፤ ወዲያው ከፍ በሉ ማለት ነው። ቀስ ብለው ደገሙት። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«ከጮህክ ይደነግጣሉ» አሉኝ። «ከደነገጡ ምን አልክ ይሉሃል። ያ ምን አልክ ሦስት ሰከንድ ይበላል።»

ከላያችን አንድ አውሮፕላን አለፈ። ጉሙ አልተገፈፈም፣ መብራቱ እንኳ አልታየንም። እትዬ ሲኒዎቹን ሊሰበስቡ መጥተው ነበር። ጋሼ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው፤ ድምፁ ወደ ማኮብኮቢያው ርቆ እስኪጠፋ ማናችንም አልተናገርንም።